ብሔራዊ መንገድ 321፦ ከፎሻን እስከ ጾንግጂያንግ 4 ቀን በሞተር ሳይክል

በደቡብ ቻይና ከጓንግዶንግ ፋብሪካዎች ተነስቶ በጓንግሺ በኩል ወደ ጉይጆው ተራሮች የሚወጣው መንገድ ቁጥሩ 321 ነው። የጨረቃው አዲስ ዓመት ሲቃረብ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ሚስት፣ ልጅና ጓዛቸውን በሞተር ጭነው አገር ቤት የሚገቡት ለዓመታት በዚህ መንገድ ነበር። ቻይናዎቹ «የሞተር ሠራዊት» ይሏቸዋል። ይህ ማስታወሻ የ2014ቱን ጉዞ ቀን በቀን ይከተላል። በዚያ ዓመት በዓሉ የዋለው ጃንዋሪ 31፣ በእኛ ጥር 23 ቀን 2006 ነው። በጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር ካለችው ፎሻን በጉይጆው እስካለው ጾንግጂያንግ ወረዳ 850 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ብቻውን የሚነዳ ጎበዝ በ2 ቀን ይጨርሰዋል፤ ሚስትና ልጅ የጫነ ግን 4 ቀን ቢመድብ ይሻለዋል። ሰዓቱና የወሩ ቀን በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ዓመቶቹ ግን በፈረንጅ ናቸው።

ዋዜማ፣ ጥር 15 — ፎሻን

ፎሻን የሴራሚክ፣ የቤት ዕቃና የፍሪጅ ከተማ ናት። የሴራሚክ ምድጃዎቿ ከበዓሉ ቀደም ብለው ይጠፋሉ፤ ሠራተኛውም የዓመቱን ሒሳብ የሚተሳሰበው ያኔ ነው። ደመወዙ ያልተከፈለው ሰው ሞተሩን ቢያሰናዳም አይነሳም። በተለይ በግንባታ ሥራ በየወሩ የሚሰጠው የኪስ ገንዘብ ብቻ ይሆንና ዋናው ክፍያ ወደ ዓመቱ መጨረሻ ይገፋል። ኮንትራክተሩ ከተሰወረ የ12 ወር ድካም አብሮ ተሰወረ ማለት ነው። በ2011 የወንጀል ሕጉ ተሻሽሎ፣ መክፈል እየቻለ ሆን ብሎ ደመወዝ የሚያስቀር አሠሪ በእስራት እንዲቀጣ ተደንግጓል። ነገር ግን በወረቀት የሰፈረ የሥራ ውል ለሌለው ሰው ሕጉ ሩቅ ነው። እጁ ላይ ያለችው ማስረጃ የሰዓት ካርዱና አለቃው የፈረመባት ብጣሽ ወረቀት ናት፤ ስለዚህ ሁለቱንም ከመታወቂያው ጋር ጠቅልሎ ይይዛል።

ሞተሩ አብዛኛውን ጊዜ 125 ሲሲ ነው። የፎሻን ዝቅተኛ ደመወዝ ከሜይ 2013 ጀምሮ በወር 1,310 ዩዋን ነበርና፣ አዲስ ሞተር መግዛት የ3 ወይም የ4 ወር መነሻ ደመወዝ ይበላል። ጉዞው ሊደርስ ሲል ዘይቱ ይለወጣል፣ 1 ሊትር ያህል ይበቃዋል። ካቴናው ሲስተካከል ብዙ ሰው የሚሳሳተው ባዶ ሞተር ላይ በመለካቱ ነው። ሰውና ጭነት ሲወጣበት የኋላው ሞሎ ይወርዳል፣ ካቴናውም ይወጠራል። ባዶውን ልክ የነበረው ተጭኖ ሲሄድ ገመድ ይሆንና ተራራ ላይ ይበጠሳል። ስለዚህ ሁሉም ከተቀመጡበት በኋላ መሃሉን በጣት ገፋ አድርጎ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር መላላቱን ማየት ነው። ከዚያ በላይ ከላላ ደግሞ ከጥርሱ ይዘላል።

የፊት ጎማ 2 ባር፣ የኋላው 2.8 ባር ይነፋል። መለዋወጫው አንድ ከረጢት ውስጥ ይገባል፦ 1 ካላማዳሪ፣ የእጅ መንፊያ፣ 1 ካንዴላ፣ የፊት መብራት አምፖል፣ የካቴና ማያያዣ፣ የፍሪሲዮንና የነዳጅ መስጫ ገመድ። አዋቂዎቹ ትርፉን የፍሪሲዮን ገመድ ከረጢት ውስጥ አይከቱትም። ከሚሠራው ጎን ለጎን አስቀድመው ዘርግተው ያስሩታል። ገመዱ በጨለማ ቢበጠስ ጫፉን ማገናኘት ብቻ ነው የሚቀረው፤ በደነዘዘ ጣት ሽፋን ፈትቶ አዲስ ገመድ ማሳለፍ ግን አንድ ሰዓት ይፈጃል።

የጭነቱ ነገር ከሁሉም ይበልጣል። እንዲህ ያለ ሞተር የተሠራው ወደ 150 ኪሎ ለመሸከም ነው። ሁለት አዋቂ 120 ኪሎ፣ አንድ ልጅ 15 ኪሎ ቢሆኑ ለጓዝ የሚተርፈው 15 ኪሎ ብቻ ነው። የሚጫነው ግን ብርድ ልብስ፣ የዓመት ልብስ፣ የዱቄት ወተት፣ ከረሜላና ለአያቶች የተገዛ የሩዝ ማብሰያ ተደምሮ 40 ኪሎ ይደርሳል። ይህ ሁሉ ከኋላ ከተቆለለ የፊት ጎማው ይቀላል፣ መሪው ይዋልላል፣ በመታጠፊያ ላይ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሊሄድ ይፈልጋል። መፍትሔው ከባዱን ዝቅ አድርጎ ወደፊት ማምጣት ነው፦ የሩዝ ማብሰያውና ወተቱ ነዳጁ ታንክ ላይና ከጉልበት በታች በሁለቱ ጎን፣ ብርድ ልብሱ ከኋላ። ብርድ ልብሱ በሁለት ፌስታል ይጠቀለላል። ውሃ የጠጣ የጥጥ ብርድ ልብስ ክብደቱ ብዙ እጥፍ ይጨምራልና አንዲት ቀዳዳ ሚዛኑን ሁሉ ታፈርሰዋለች።

ለብርዱ የሚደረገው ዝግጅት ከፋብሪካ ግቢ በተለቀመ ነገር ነው። ደረት ላይ ከጃኬቱ ሥር ካርቶን፣ በካልሲና በጫማ መካከል ፌስታል፣ ጉልበት ላይ ከአሮጌ ብርድ ልብስ የተሰፋ መከለያ፣ በመሪው እጀታ ላይ ከጥጥ ጃኬት እጅጌ የተሰፋ ኪስ። ነፋሱ ቀድሞ የሚገባው በጉልበትና በእጅ አንጓ ነው። ልጁ በእናትና በአባት መካከል ይቀመጣል፤ ከ3 ዓመት በታች የሆነውን እናቱ በጥልፍ በተሠራ አንቀልባ ጀርባዋ ላይ ታዝለዋለች። አንቀልባው በጓንግሺና በጉይጆው የዶንግና የሚያዎ ብሔረሰብ እናቶች የዕለት ዕቃ ነው፤ ጥልፉን አያት ናት የምትሠራው። በሕጉ ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ በሞተር ኋላ ወንበር ላይ መቀመጥ አይፈቀድለትም። ፖሊስም ሴቶችና ልጆች አውቶቡስ እንዲሳፈሩ መንገድ ላይ እያስቆመ ይመክራል።

ታዲያ ለምን ባቡር አይዙም? በቹንዩን፣ ማለትም ከበዓሉ 15 ቀን ቀድሞ ጀምሮ 25 ቀን ካለፈ በኋላ በሚያበቃው የ40 ቀን የጉዞ ወቅት፣ በ2014 መንግሥት አስቀድሞ የገመተው ከ3.6 ቢሊዮን በላይ ጉዞ ነው። ቁጥሩ የጉዞ እንጂ የሰው አይደለም፤ ሁለት አውቶቡስና አንድ ባቡር የቀያየረ ሰው ሦስት ጊዜ ይቆጠራል። የባቡር ትኬት በ12306 ድረ ገጽ መሸጥ የጀመረው በ2011 ሲሆን ከ2012 ጀምሮ በመታወቂያ ቁጥር ብቻ ነው የሚሸጠው። ይህ አትራፊ ነጋዴዎችን አዳክሟል። ሽያጩ በሚከፈትበት ሰዓት ማሽን ላይ ቆሞ ስልኩን ቁም ሳጥን የቆለፈ ሠራተኛ ግን እረፍት ሲወጣ የሚያገኘው «አልቋል» የሚል ጽሑፍ ነው። ትኬቱን ቢያገኝ እንኳ በዚያ ጊዜ ጾንግጂያንግ ባቡር የሚባል አልደረሰባትም። ከጓንግጆው ጉይያንግ ከ20 ሰዓት በላይ በጠንካራ ወንበር ተጉዞ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ወደ ኋላ መመለስ ነበረበት። አውቶቡሱም የሚያወርደው ወረዳው ከተማ ላይ ነው፤ መንደሩ ከዚያ በጭቃ መንገድ ብዙ ይርቃል። በዓሉን ሙሉ ዘመድ ለመጠየቅ፣ አያትን ሐኪም ቤት ለማድረስ፣ ገበያ ለመውጣት ሞተሩ ያስፈልጋል። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ትኬት ዋጋ ነው፣ ውሳኔውን የሚወስነው ግን ይህ የመጨረሻው የጭቃ መንገድ ነው።

የ2008ቱም ትዝታ አለ። በዚያ ክረምት በረዶና የሚጋገር ዝናብ በደቡብ ሁናን የባቡሩን የኤሌክትሪክ መስመር ጥሎ የቤይጂንግ–ጓንግጆውን ሐዲድ ዘጋ፣ በጓንግጆው ጣቢያ አደባባይ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ዝናብ ላይ ቀናት አደረ። ብዙ ቤተሰብ «ከእንግዲህ በራሳችን እግር» ያለው ከዚያ በኋላ ነው።

ቀን 1፣ ጥር 16 — ከፎሻን እስከ ዉጆው

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይነሳል። ፈጣኖቹ መንገዶች በአብዛኛው ለሞተር ዝግ ናቸው፣ ጓንግጆው ከተማም ከ2007 መጀመሪያ ጀምሮ ሞተር አታስገባም። ስለዚህ ሳንሹይ አቅጣጫ ይዞ ወደ 321 መግባት ነው። የአንድ መንደር ልጆች ከ5 እስከ 20 ሞተር ሆነው አብረው ይወጣሉ። መሪው ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰራል፣ ቡድኑ በጉም ውስጥ እንዳይጠፋፋ። ከፊት የሚነዳው ፈጣኑ አይደለም፤ ልጅ የጫነው ወይም ሞተሩ የደከመው ነው የሚቀድመው፣ ሌላው በእርሱ ፍጥነት ይከተላል። ከኋላ የሚዘጋው መካኒክ ቢጤ የሆነው ነው፣ የተበላሸ ሁሉ እጁ ላይ እንዲወድቅ።

ፍጥነቱ በሰዓት ከ40 እስከ 50 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ በላይ ቢነዳ ብርዱ ጊዜውን መልሶ ይወስደዋል፤ ቶሎ ቶሎ መቆም ያመጣልና። በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ይወረዳል፣ እግር ይፍታታል፣ የጭነቱ ገመድ ይጠበቃል። አዲስ ገመድ በመጀመሪያው 50 ኪሎ ሜትር ይላላል። ያንን ያልፈተሸ ሰው ብርድ ልብሱ ተንሸራቶ የኋላ ጎማ ውስጥ ይገባበታል፣ ብዙ ቤተሰብ የወደቀውም እንዲህ ነው።

መንገዱ የሺ ወንዝን ዳር ይዞ ነው የሚሄደው። ጎህ ሲቀድ ከውሃው የሚነሳው ጉም የከባድ መኪኖችን መብራት ይውጣል። ከመኪና ኋላ ተጠግቶ መብራቱን መከተል ያጓጓል፣ ግን መኪናው ፍሬን ሲይዝ ከነጭነቱ ከ200 ኪሎ በላይ የሚመዝን ሞተር በ10 ሜትር አይቆምም። ቢያንስ የ4 ሰከንድ ርቀት ይዞ ነጩን የመንገድ ዳር መስመር ማየት ነው የሚያዋጣው።

ጃዎቺንግ ላይ ቁርስ አለ። በበዓሉ ሰሞን የሚቀቀለው የከተማዋ ጥቅል ሩዝ ተጣባቂ ሩዝ፣ የተከካ አረንጓዴ ማሾና ጮማ የአሳማ ሥጋ በአንድ ላይ በቅጠል ተጠቅልሎ ብዙ ሰዓት የተቀቀለ ነው። አንዱ እስከ ምሳ ያቆያል፣ ሲቀዘቅዝም ይበላል። ከዚያ ደቺንግና ፈንግካይ። ደቺንግ አቅራቢያ በዩዌቸንግ የዘንዶ እናት ቤተ መቅደስ አለ፣ የወንዙ ጀልበኞች ጥንት ለደህና መንገድ የሚሳሉበት። ከፈንግካይ በኋላ የክፍለ ሀገሩ ድንበር ይመጣል፣ ቀጥሎ ዉጆው።

በዉጆው መግቢያ የሞተረኞች ማረፊያ ድንኳን አለ። ከ2008 ወዲህ ባሉት ዓመታት የጓንግሺና የጓንግዶንግ ትራፊክ ፖሊስ በ321 ላይ እንዲህ ያሉ ጣቢያዎችን አቁሟል፦ ትኩስ የሩዝ ገንፎ፣ የዝንጅብል ሻይ፣ የሚያንጸባርቅ ልጣፍ፣ ነፃ ጥገና። የነዳጅ ኩባንያው ሲኖፔክም ከ2012 ጀምሮ በመንገዱ ባሉ ማደያዎቹ ለተመላሽ ሞተረኞች ነፃ ነዳጅ ሰጥቷል። የዝንጅብል ሻይዋ ቀላል ነገር አይደለችም። 10 ሰዓት በንፋስ ውስጥ የቆየ ሰው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ገና ደህና ነው፤ መንቀጥቀጡን አቁሞ ንግግሩ ሲጎተትና ጓንቱን ማውለቅ ሲያቅተው ነው የሚያሰጋው። ያኔ አልኮል አይሰጥም። አረቄ ደሙን ወደ ቆዳ አውጥቶ ሙቀቱን ይበትነዋል። እርጥቡን ልብስ አውልቆ፣ በደረቅ ጠቅልሎ፣ ጣፋጭ ትኩስ ነገር ቀስ እያሉ ማጠጣት ነው። ልጅ ደግሞ ከአዋቂ ቀድሞ ይቀዘቅዛል፤ መሃል የተቀመጠ ልጅ እንቅልፍ ከያዘው አንገቱ ይወድቃል፣ ሰውነቱም ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። እናቶች የሚያዘፍኑት ለዚህ ነው። ዝም ካለ ይቆማሉ።

ቀን 2፣ ጥር 17 — ከዉጆው እስከ ያንግሹዎ

ይህ ቀን ቀላሉ ነው። መንገዱ ወንዙን ትቶ በመንግሻንና በሊፑ ኮረብታዎች ይሄዳል። ያንግሹዎ ሲቃረብ የብርቱካን ዘመድ የሆኑት ትናንሽ ፍሬዎች ውርጭ እንዳይመታቸው ኮረብታው ሁሉ በነጭ ፕላስቲክ ተሸፍኖ ይታያል። የጓንግሺ ልጆች በየመገንጠያው ይሰናበታሉ፣ 20 የነበረው ቡድን ወደ 7 ይወርዳል።

ቀላል ቀን ስለሆነ ስለ ርቀቱ ምክንያት እዚህ መናገር ይቻላል። አንድ ሰው ፎሻን 15 ዓመት ቢሠራም የተመዘገበው ጾንግጂያንግ ነው። ምዝገባው ሁኮው ይባላል፣ ሕጉ የወጣው በ1958 ሲሆን ዓላማው ገበሬው ያለ ፈቃድ ከተማ እንዳይገባ ነበር። ከ1980ዎቹ ወዲህ መጥቶ መሥራቱ ተፈቅዷል፣ ምዝገባው ግን እዚያው መንደሩ ቀረ። የልጁ ትምህርት ቤት፣ የጤና መድን፣ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ምዝገባውን ይከተላሉ። ጓንግዶንግ ከ2010 ጀምሮ በነጥብ መመዝገብ ፈቅዳለች፤ ነጥቡ ግን ለዲግሪ፣ ለሙያ ማረጋገጫ፣ ለተከፈለ ማኅበራዊ መድን ነበር የሚሰጠው። ምድጃ ላይ ሴራሚክ የሚደረድር ሰው ነጥቡ አይሞላም ነበር።

በ2013 መጨረሻ በቻይና ከእርሻ የወጡ ሠራተኞች 268.94 ሚሊዮን ነበሩ። በዚያው ዓመት የመላው ቻይና ሴቶች ፌዴሬሽን ባወጣው ጥናት ወላጅ ርቋቸው በገጠር የቀሩት ልጆች ከ61 ሚሊዮን በላይ ናቸው። አብዛኛው ቤተሰብ የሚያደርገው ይህ ነው፦ ልጁ ትንሽ ሳለ ፋብሪካው አጠገብ በተከራዩት ክፍል ያሳድጉታል። 6 ዓመት ሊሞላው ሲል የከተማው መንግሥት ትምህርት ቤት ወረቀት ይጠይቃል፣ የግሉ ይከፈልበታል፣ ደግሞም ከዓመታት በኋላ ፈተናውን አገር ቤት ነው የሚፈተነው፣ መጽሐፉም ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር ሊለይ ይችላል። ስለዚህ አንድ የበዓል ጉዞ ላይ ልጁ ወደ አያቶቹ ይወሰድና በዚያው ይቀራል። ሞተሩ ላይ መሃል ከተቀመጡት ልጆች ስንቱ ለመጨረሻ ጊዜ እንደተቀመጠ ወላጆቹ ያውቃሉ፤ ብዙውን ጊዜ ልጁ አያውቅም።

ቀን 3፣ ጥር 18 — ከያንግሹዎ እስከ ሳንጂያንግ

ጉዊሊን ላይ ሰሃን የሩዝ ፓስታ በልቶ ታንኩን መሙላት ግድ ነው፤ ከዚህ በኋላ ተራራ ነው። ወደ ሎንግሸንግ የሚወጣው መንገድ ይጠማዘዛል፣ የሩዝ እርከኖቹ በክረምት ውሃቸው ደርቆ ቡናማ ናቸው። ከሞተረኞች አፍ የማይጠፋው ፍርሃት እዚህ ነው የሚጀምረው።

የደቡብ ቻይና ክረምት ዝናብ ሲጋገር በረዶ ሆኖ አይደለም የሚወርደው። ከደቡብ የመጣው ሞቃትና እርጥብ አየር በላይ ይሄዳል፣ ከሰሜን የመጣው ከዜሮ በታች የሆነ አየር መሬቱን ይዟል። ዝናቡ ላይ ውሃ ሆኖ ይጀምርና በቀዝቃዛው ንብርብር ሲያልፍ ሳይረጋ ይደርሳል፣ አስፋልቱን በነካበት ቅጽበት ግን መስታወት ይሆናል። መንገዱ እርጥብ ብቻ ይመስላል። ምልክቱን ለማወቅ ሣሩን ማየት ነው፦ የመንገድ ዳር ሣርና የኤሌክትሪክ ሽቦ በመስታወት እንደተለበጠ ካበራ አስፋልቱም እንዲያው ነው። ድልድዮች ቀድመው ይጋገራሉ፣ ከላይም ከታችም ነፋስ ያገኛቸዋልና። ወደ ሰሜን የዞረ፣ ፀሐይ የማያየው መታጠፊያ ደግሞ መጨረሻ ነው የሚቀልጠው።

እንዲህ ሲሆን የፊት ፍሬን አይነካም። ማርሽ ወደ 1 ወይም 2 ዝቅ ተደርጎ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝ ይተዋል፣ ሁለቱም እግር ወርዶ መሬት ይዳስሳል፣ ሚስትና ልጅ ወርደው በእግር ይሄዳሉ። ጫማ ላይ የገለባ ገመድ ይጠመጠማል፤ ጎማ ከሆነው ሶል ይልቅ ገለባ በረዶውን ይነክሳል። ፖሊስ መንገዱን ሲዘጋ መቆም ነው፣ ጨው ተረጭቶ ወይም ፀሐይ ወጥቶ ሲከፈት በአጀብ ይለቃሉ። በየዓመቱ የሚሞተው ተሰልፎ የጠበቀው አይደለም፣ «ጨለማ ሳይመጣ ልድረስ» ብሎ የጥርጊያ መንገድ የፈለገው ነው።

ዝናብ በሌለበትም ቁልቁለቱ አደጋ አለው። የኋላ ፍሬኑ ከበሮ ነው፤ እግር ሳያነሱ 5 ኪሎ ሜትር ቢረግጡት ሸራው ይግላል፣ ይሸታል፣ ከዚያ ፔዳሉ እየተረገጠ ሞተሩ አይቆምም። ወጣቶች ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ማርሽ አውጥተው ቁልቁል ይለቁታል። ያ የሚያተርፈው ጥቂት ዩዋን ነው። ሽታው ከመጣ ዳር ይዞ መቆምና ከበሮውን በራሱ ጊዜ ማብረድ ነው፣ ውሃ አይደፋበትም፣ ይሰነጠቃል።

ሳንጂያንግ የዶንግ ብሔረሰብ ወረዳ ነው፤ የእንጨት ድልድዮቻቸው ጣሪያ አላቸው፣ ያለ ምስማር የተጋጠሙ ናቸው፣ ዝናብ የያዘው መንገደኛ ይጠለልባቸዋል። ማታ ዘይት ሻይ ይቀርባል፦ የሻይ ቅጠል በዘይት ተጠብሶ ይቀቀልና የፈነዳ ሩዝና ለውዝ ይበተንበታል፣ ጨው ያለው ነው። ማደሪያ ቤቶቹ ማሞቂያ የላቸውም፣ የከሰል ምድጃ ያስገባሉ። መስኮት ዘግቶ ከከሰል ጋር መተኛት ምን እንደሚያመጣ ለአገራችን አንባቢ መንገር አያስፈልግም፤ እዚያም በየክረምቱ ሰው ይገድላል። ብርድ ልብሱን ደራርቦ ምድጃውን ውጭ ማስቀመጥ ነው።

ቀን 4፣ ጥር 19 — ጾንግጂያንግ

የዛሬው መንገድ የዱሊዩ ወንዝን ይዞ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ክፍለ ሀገሩም ጉይጆው ይሆናል። ወረዳው ከተማ ሲደርሱ ገበያ ይገባሉ፦ ለአያት መድኃኒት፣ ርችት፣ በር ላይ የሚለጠፍ ቀይ ወረቀት። እዚህ የሚገዛ ነገር ፎሻን ገዝቶ 850 ኪሎ ሜትር መሸከም የጀማሪ ስህተት ነው። ከዚያ ወደ መንደሩ የሚወስደው ጭቃ ነው፣ በ1ኛ ማርሽ፣ ሚስት ከኋላ እየገፋች።

ነዳጁ በ100 ኪሎ ሜትር 2.5 ሊትር ቢሆን ጉዞው 21 ሊትር ያህል ወስዷል፣ ወደ 160 ዩዋን ነው። የ3 ሌሊት ማደሪያና ምግብ ሲጨመር ከአውቶቡስ ብዙ አይርቅም። በመንደሩ ያለው ቤት ከኮንክሪት ብሎኬት በደመወዝ ፎቅ በፎቅ የተሠራ ነው፣ የላይኛው ገና መስኮት የለውም። አባትየው ከብርዱ ወጥቶ በመጀመሪያው ቀን የሚሠራው ይታወቃል፦ የተሰበረ የጣሪያ ክዳን፣ የፈነዳ የውሃ ቧንቧ፣ የአያት የሐኪም ወረቀት። በጃኬቱ የውስጥ ኪስ ፎሻን የታከመበት ደረሰኝ አለ። የገጠር የኅብረት ሥራ ጤና መድኑ የተመዘገበው እዚህ ስለሆነ ገንዘቡን ለማስመለስ ዋናውን ደረሰኝ፣ የመውጫ ማስረጃውንና የሕክምና ወጪ ዝርዝሩን ይዞ ወረዳ መሄድ ነበረበት፤ ከክፍለ ሀገር ውጭ ለታከመ ሰው የሚመለሰው ድርሻ ያነሰ ነበር። አንዱ ወረቀት ፎቶ ኮፒ ከሆነ አይቀበሉትም ነበር። ቢሮው ደግሞ ለበዓሉ ይዘጋል። በ4ኛው ቀን መድረስ ጥቅሙ ለዚህም ነው፣ ከመዘጋቱ በፊት ጥቂት ቀን ይተርፋል።

በበዓሉ ዋዜማ እራት ላይ በማሰሮ ወራት የከረመ ጎምዛዛ ዓሣ፣ ተጣባቂ ሩዝና የተጨሰ ሥጋ ይቀርባል። በብዙ ቤት ግን አንድ ሳህን የባለቤቱ ቦታ ላይ ብቻውን ይቀመጣል። ያ ሰው ያልመጣው የሚሠራው እንደ ኢትዮጵያ ባለ፣ በሞተር በማይደረስበት ሩቅ አገር ስለሆነ ነው። ያኔ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ሐዲድ እየተሠራ ነበር፤ የዶንግጓኑ ሁዋጂያን የጫማ ፋብሪካም ከ2012 መጀመሪያ ጀምሮ ዱከም ላይ እያመረተ ነበር። ውጭ አገር በውል የሚሠራ ቻይናዊ የበዓል ፈቃዱ በሥራው መርሐ ግብር ይወሰናል፣ ብዙው አዲስ ዓመቱን ካምፕ ውስጥ ዱባ ቅርጽ ያለው ቀይ ፋኖስ ሰቅሎ ነው የሚያሳልፈው። በዚያ ጥር ዊቻት የሚባለው የስልክ መልእክት መተግበሪያ የኤሌክትሮኒክ ቀይ ፖስታ ጀመረ፤ በፖስታ የሚሰጠውን የልጆች የበዓል ብር ያለ ወረቀት ከሩቅ መላክ ተቻለ።

መልስ፣ ጥር 29

በአዲሱ ዓመት 7ኛ ቀን ሞተሩ እንደገና ይጫናል፤ ብዙ ፋብሪካ ከ8ኛው ቀን ጀምሮ ማሽኑን ያስነሳል፣ ቀድሞ የደረሰም ከአለቃው ትንሽ ቀይ ፖስታ ይቀበላል። ካቴናው እንደገና ይለካል፣ ጭቃው ጥርሱን በልቶታልና ይታጠብና ዘይት ይቀባል። ከዚያ በኋላ በመጣው ዲሴምበር 26 ቀን 2014 የጉይያንግ–ጓንግጆው ፈጣን ባቡር ተከፈተ፣ 857 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሳንጂያንግና ጾንግጂያንግ ላይ ጣቢያ አለው፣ 20 ሰዓት የነበረው ወደ 5 ሰዓት ወረደ። በ321 ላይ የሞተሩ ብዛት ከዓመት ዓመት ቀነሰ፣ ድንኳኖቹም አብረው አነሱ። ባቡሩ ያሳጠረው መንገዱን ነው፣ የልጁ ምዝገባ እዚያው መንደሩ ነው ያለው።

የመልሱ ጭነት ከመሄጃው ይከብዳል። አያት የተጨሰ ሥጋ፣ አንድ ማሰሮ ዓሣ፣ በገለባ የታሸገ እንቁላል ታሸክማለች። ከባዱ ወደፊትና ዝቅ ብሎ ይታሰራል፣ ማሰሮው አፉ በፌስታልና በጎማ ቁራጭ ይጠበቃል። 15 ኪሎ ተጣባቂ ሩዝ ግን ከፊትም ከኋላም ሚዛን አይሰጥም። የሚቀመጠው በነጂውና በሚስቱ መካከል ነው፣ ስፋቱ ልክ ይመጣል፣ ገመድም አያስፈልገውም፤ ሁለቱ በጉልበታቸውና በደረታቸው ያቅፉታል።